ዝንቡ ለምን በፍሊት አልሞት አለ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባሉት ሻይ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶችና ጁስ ቤቶች ስዞር አንድ ቅሬታ ደጋግሞ ይገጥመኛል፦ «ፍሊቱ እንደ ድሮው አይሠራም።» ነፍሳትን ያጠናሁ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። መልሱ ግን በር ላይ ቆሞ በሁለት ቃል የሚያልቅ አይደለምና ብዙ ጊዜ የተጠየቅኳቸውን ሰብስቤ እዚህ ጽፌያለሁ። የማወራው ቤት ውስጥና ገበያ ላይ ስለምናያት ስለ ተራዋ የቤት ዝንብ ነው። የልጆች ዓይን ላይ እያረፈች ትራኮማ የምታስተላልፈው ዝንብ የቅርብ ዘመዷ ብትሆንም ሌላ ዝርያ ናት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝንብ ፍሊት ትለምዳለች እንዴ?

ሁላችንም «ለመደችው» እንላለን፤ ሐኪሞቹም «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ይላሉ። ቃሉ ግን ያሳስታል። ሰው ሚጥሚጣ እየበላ ሚጥሚጣ እንደሚለምደው አንዲት ዝንብ ፍሊት እየተነፋባት አትጠነክርም። ዕድሜዋ ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ገደማ ነው፤ ከተነፋባት ወይ ትሞታለች ወይ ትተርፋለች። የምትተርፈው ድሮውኑ ከእናት ከአባቷ የወረሰችው ነገር ስላለ ነው። ለውጡን የምናየው በዘር ማንዘሯ ላይ ነው።

ገበሬ ከማሳው ላይ ምርጡን የማሽላ ዛላ ለይቶ ለዘር ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ክረምት ማሳው የዚያ ዛላ ልጆች ይሆናል። እኛም ፍሊት በነፋን ቁጥር ይህንኑ እያደረግን ነው፤ ለዘር የምናስቀረው ግን ፍሊት ያልገደለውን ዝንብ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ከሆነ ይህ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ፦ ፍሊት ዝንብን ይገድላል፣ በዚያው እጁ ደግሞ ዘር ይመርጣል።

ፍሊቱ ራሱ ዘረመሏን ይለውጠዋል ማለት ነው?

አይለውጠውም። ለውጡ የሚመጣው ዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው የሰውነት መመሪያ፣ ለልጅ ሲገለበጥ በሚፈጠር ስሕተት ነው፤ ፍሊት ኖረም አልኖረም በአጋጣሚ ይመጣል። ፍሊት በሌለበት ቦታ ለዝንቧ ምንም አይፈይድላትም፣ አንዳንዴም ይጎዳታል። ፍሊት ባለበት ግን ነፍሷን ያተርፋል።

ስንት ጊዜ ቢነፋ ነው መድኃኒቱ መሥራት የሚያቆመው?

ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም፤ ነገር ግን አካሄዱ እንዲታይ በቀላል ሒሳብ ላስረዳ። አንድ ግቢ ውስጥ 1,000 ዝንብ አለ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 10ሩ ብቻ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ናቸው። ፍሊቱ ከተራዎቹ አሥር ዘጠኙን ይገድላል፤ ከሚቋቋሙት ግን ከአሥር አንዱን ብቻ።

መጀመሪያ ሲነፋ ከ990ዎቹ ተራ ዝንቦች 99 ይተርፋሉ፤ ከ10ሩ ደግሞ 9። ቤቱ ጸድቷል፣ ባለቤቱ ደስ ብሎታል። ከተረፉት መካከል ግን የሚቋቋሙት ድርሻ ከ100 አንድ የነበረው አሁን ከ100 ወደ 8 ደርሷል። እነዚህ ተዋልደው እንደገና 1,000 ሆኑ እንበል፦ 83 የሚቋቋሙ፣ 917 ተራ። ሁለተኛ ይነፋል። 75 የሚቋቋሙና 92 ተራ ይተርፋሉ፤ ድርሻው ከ100 ወደ 45 ዘለለ ማለት ነው። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ከ100 ዝንብ 88ቱ የሚቋቋሙ ይሆናሉ። በሦስት ዙር ብቻ!

በእውነተኛው ዓለም እንዲህ አይፈጥንም። ፍሊት ያልነካቸው ዝንቦች ከጎረቤት እየመጡ ይቀላቀላሉ። ደግሞም ከታች የማወራው ዋናው የመቋቋም ዘረመል ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ በቂ አቅም አይሰጥም፤ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰችውን ዝንብ በቂ መጠን ያለው መድኃኒት ይገድላታል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም የተለወጠ አይመስልም፣ ዘረመሉ በዝቶ ሁለት ተሸካሚዎች መገናኘት ሲጀምሩ ግን በድንገት ይፈጥናል። «ባለፈው ዓመት እኮ ይሠራ ነበር» የሚሉኝ ሰዎች እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። ግድግዳ ላይ ተረጭቶ ቀስ በቀስ የሚደክም መድኃኒት፣ ወይም ይበቃል ተብሎ በውኃ የቀጠነ መድኃኒት፣ በአንድ ወገን ብቻ የወረሱትንም ሳይገድል ያሳልፋቸዋል። በዚህም ምርጫውን ያፋጥናል።

በዝንቧ ሰውነት ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ ይለኛል፤ የነገሩ እምብርት ያለው እዚህ ነውና።

ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት አብዛኞቹ ፍሊቶች ፓይረትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። መነሻቸው ፓይረትረም የሚባል፣ ነጭ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው፤ ጎረቤታችን ኬንያ ለረጅም ዘመን በስፋት አምርታዋለች። መድኃኒቱ የሚመታው ነርቭን ነው። በነርቭ ሽፋን ላይ ሶዲየም የሚያስገቡ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ መልእክት ሲተላለፍ ይከፈታሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ። ፓይረትሮይድ በሩ ላይ ይሰነቀርና እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ነርቩ ያለማቋረጥ ይተኩሳል፣ ዝንቧ ትንቀጠቀጣለች፣ ተገልብጣ ትወድቃለች።

አንዳንድ ዝንቦች ላይ የበሩ ቅርጽ ተለውጧል። በሩን የሚሠራው ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች በረጅም ሰንሰለት የተገነባ ነው፤ በሰንሰለቱ 1014ኛ ቦታ ላይ ሉሲን የሚባለው ጡብ መሆን የነበረበት ፌኒልአላኒን የሚባል ሌላ ጡብ ሆኖ ይገኛል። ይህን የሚያመጣው በዘረመሉ ጽሑፍ ላይ የአንዲት ፊደል መለወጥ ነው። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት መድኃኒቱ በሩ ላይ በደንብ አይሰነቀርም፤ ዝንቧም ቶሎ አትወድቅም። በ918ኛው ቦታ ላይ ሁለተኛ ለውጥ ከተጨመረ ደግሞ አቅሙ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለ ዝንብ መኖሩን ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ፊደሏን ለይተው ያገኟት ግን በ1996 ነው። የቤት ዝንብ ሙሉ የዘረመል ጽሑፍ ተነቦ የወጣው በ2014 ነው።

ሁለተኛው መንገድ መርዙን መፍጨት ነው። እኛ ጉበት እንዳለን ሁሉ ዝንብም ባዕድ ነገር የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሏት። አንዳንዶቹ ዝንቦች ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱን ከተራዋ ዝንብ በብዙ እጥፍ ያመርታሉ፤ መርዙ ነርቭ ጋር ሳይደርስ አብዛኛው ተሰባብሮ ያልቃል። ማላታይንንና ዳያዚኖንን የመሳሰሉት ሌሎቹ መድኃኒቶች ደግሞ የሚመቱት ሌላ ቦታ፣ በነርቮች መገናኛ ላይ መልእክቱን የሚያጠፋውን ኢንዛይም ነው። እሱም ቅርጹን የለወጠባቸው ዝንቦች አሉ። ቆዳዋ መርዙን ቀስ ብሎ የሚያስገባም አለች፤ ይህ ለብቻው ትንሽ ቢሆንም ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ከባድ ይሆናል። እነዚህ መንገዶች በአንዲት ዝንብ ላይ ሲገናኙ አቅማቸው እየተባዛ እንጂ እየተደመረ ብቻ አይሄድም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጠባይ ነው። በስኳር የተለወሰ የዝንብ መርዝ ለብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ በዋለባቸው የከብት እርባታዎች፣ መርዙን ቀምሰው ትተው የሚሄዱ ዝንቦች ተገኝተዋል። መርዙን መቋቋም አላስፈለጋቸውም፤ አይበሉትም። ይህም ጠባይ ለልጅ ይተላለፋል።

ተገልብጣ የወደቀች ዝንብ ከቆይታ በኋላ ተነስታ የምትበረው እንዴት ነው?

አንድ መስከረም ወር ላይ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ባለ መንደር ሻይ ቤት ያላቸው እናት ይህንኑ ጠየቁኝ። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ተቀበልኳቸው። አሥራ ሁለት ዝንብ አስገብተን፣ እሳቸው ሁልጊዜ እንደሚነፉት አንድ ጊዜ ጪስ አድርገን፣ አፉን በሻሽ አሰርነው። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀመጥነው።

በሦስት ደቂቃ ውስጥ ዘጠኙ ወደቁ። ሦስቱ የጠርሙሱን ግድግዳ ይዘው ቆሙ፤ የኋላ እግራቸውን እያፋተጉ ክንፋቸውን ይጠርጋሉ። ከወደቁት አንዷ በጀርባዋ ተኝታ እግሮቿን ሰብስባ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ እግሯን ዘረጋች፣ ከዚያ ሌላውን፤ በጎኗ ተንፏቃ ተገለበጠች፣ ቆመች። «ልጄ፣ ሞታ ነው የተነሳችው?» አሉኝ እናታችን። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ስመጣ አራቱ ይበሩ ነበር።

ፈጽመው ያልወደቁትና ወድቀው የተነሱት ሁለት የተለያየ ታሪክ አላቸው ማለት ይቻላል። ቅርጹን የለወጠ የነርቭ በር ያላት ዝንብ መጀመሪያውኑ ለመውደቅ ታስቸግራለች። መርዙን የምትፈጭዋ ግን ትወድቅና ኢንዛይሙ ሥራውን ሲጨርስ ትነሳለች። ጠርሙስ ብቻውን ይህን ለይቶ አያረጋግጥም፤ ለዚያ የተመጠነ መድኃኒትና የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ ተግባር ግን አለ፦ ፍሊት ነፍተው የወደቁትን ዝንቦች ወዲያው ጠርገው ያቃጥሉ ወይም የፈላ ውኃ ያፍስሱባቸው። ወለል ላይ የተዉት ከሆነ የተነሱት ነገ እንቁላል ይጥላሉ፤ ልጆቻቸውም የእነሱን ኢንዛይም ይዘው ይወለዳሉ።

ፍሊቱ ፎርጅድ ቢሆንስ? ችግሩ የግድ ዝንቡ ነው?

የግድ አይደለም። ጊዜው ያለፈበት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ወይም ተበርዞ የተሸጠ መድኃኒትም አይገድልም። በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ሲነፋ ንፋስ ይወስደዋል። የምለየው እንዲህ ነው፦ ያው ቆርቆሮ ጉንዳንና ሌላ ነፍሳት ላይ እየሠራ ዝንብ ላይ ብቻ ካልሠራ፣ ወይም አዲስ የተገዛ ሌላ ቆርቆሮም ተመሳሳይ ውጤት ከሰጠ፣ ጣቴን ወደ ዝንቡ እቀስራለሁ።

ይህ ችግር የዛሬ ነው ወይስ የቆየ?

ከፍሊት ጋር አብሮ ያረጀ ነው። «ፍሊት» የሚለው ቃል ራሱ በ1923 በአሜሪካ የወጣ የአንድ ምርት የንግድ ስም ነበር፤ በእጅ ፓምፕ የሚነፋ ዘይት ነበር። በኋላ ዲዲቲ ተጨመረበት። ስሙ እኛ ጋ ለሁሉም መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ያወቀው ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር ነው፤ ዓመቱ 1939። በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሽልማቱ ግን ከዝንቡ ዘግይቶ ደረሰ፦ በ1946 ስዊድን ውስጥ፣ ብዙም ሳይቆይ ጣልያን ውስጥ፣ ዲዲቲ የማይገድላቸው የቤት ዝንቦች ተገኝተው ነበር። ዲዲቲ በሰፊው መረጨት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሌላ መድኃኒት ተተካ፣ ያም ተሸነፈ፤ ሌላ መጣ። በ1973 እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባለው የምርምር ጣቢያ ፐርሜትሪን ሲሠራ ትልቅ ተስፋ ተጣለበት፤ ለሰው ከቀደሙት የተሻለ፣ በፀሐይ ብርሃንም ቶሎ የማይበላሽ ነበር። ነገር ግን ዲዲቲ የሚመታውና ፓይረትሮይድ የሚመታው ያው አንድ የነርቭ በር ነው። በዲዲቲ ዘመን የተመረጡት ዝንቦች አዲሱን መድኃኒት ገና ሳያዩት ግማሽ መንገድ ተጉዘው ጠበቁት። አያት የወረሰችው ለልጅ ልጇ ጠቀመ።

ሌላ ስም ያለው ፍሊት ብገዛ ይሻለኛል?

የቆርቆሮው ቀለምና የኩባንያው ስም ምንም አይለውጡም። ጀርባውን ያንብቡ። ሳይፐርሜትሪን፣ ፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን፣ ቴትራሜትሪን፣ አሌትሪን፣ ላምዳሳይሃሎትሪን፤ መጨረሻቸው «ትሪን» የሆነው ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር አንድ ቁልፍ ያልከፈተውን በር በቅጂው ቁልፍ መሞከር ነው።

ጥቂቶቹ ላይ ፓይፐሮኒል ቡቶክሳይድ የሚል ተጽፎ ያገኛሉ። እሱ ራሱ ብዙም አይገድልም፤ የዝንቧን ፈጪ ኢንዛይም ይይዝና መርዙ ሳይሰባበር እንዲደርስ ያደርጋል። የዚህ ሐሳብ መነሻ ሰሊጥ ነው፤ በ1940 ገደማ የሰሊጥ ዘይት ከፓይረትረም ጋር ሲደባለቅ መድኃኒቱ እንደሚጠነክር ታወቀ። ከሁመራ ሰሊጥ የምናውቅ ሰዎች ይህን ስንሰማ ልዩ ስሜት ይሰጠናል። ይሁንና ፓይፐሮኒል ቡቶክሳይድ የሚጠቅመው ችግሩ ኢንዛይም ከሆነ ነው፤ የነርቭ በሯን የለወጠች ዝንብ ላይ ትርፉ ትንሽ ነው።

ለምን ማላታይን ወይም የእርሻ መድኃኒት አልቀላቅልም?

እባክዎ አያድርጉት። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ጽሑፍ ሳይኖረው የሚሸጥ የእርሻ መድኃኒት ወጥ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ማላታይንና ቤተሰቦቹ የሚመቱት ኢንዛይም በዝንብም በሰውም ነርቭ ላይ ያለ ነው። ምራቅ መብዛት፣ ላብ ማጥለቅለቅ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ፣ የመድኃኒቱንም ጠርሙስ ይዞ መሄድ ነው። ሕፃን ባለበት ቤት በተለይ ያስፈራኛል፤ ልጆች ውኃ መስሏቸው የሚያነሱት ያንኑ ጠርሙስ ነው።

ከጤናው ሌላ ለዝንቡም አይበጅም። በግምት ሲቀላቀል መጠኑ ያንሳል ወይም ይበዛል፤ ሲያንስ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ከአንድ ወገን ብቻ የወረሱትን ያሳልፋል፣ ሁለት ዓይነት መቋቋም በአንድ ዝንብ ላይ እንዲከማችም መንገድ ይከፍታል።

ለተወሰነ ጊዜ መንፋት ብናቆም ዝንቡ ወደ ቀድሞው ይመለሳል?

በከፊል። የተለወጠ የነርቭ በር ወይም ከመጠን በላይ የሚመረት ኢንዛይም ዋጋ ያስከፍላል፤ ፍሊት በሌለበት ተራዋ ዝንብ ትበልጣታለች፣ ቀስ በቀስም ተራዎቹ ይበዛሉ። ሆኖም ዘረመሉ ተጠርጎ አይጠፋም። በጥቂት ዝንቦች ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ ያው መድኃኒት ሲመለስ መጀመሪያ ከፈጀበት በጣም ባነሰ ጊዜ ተመልሶ ይነግሣል። ለዚህ ነው ዕረፍቱ የሚጠቅመው ሌላ መንገድ ተይዞ ሲሆን ብቻ የሚሆነው።

ፍሊት ያልነካቸው ዝንቦች መኖራቸውም በጎ ጎን አለው፦ ከሚቋቋሙት ጋር እየተጋቡ ዘረመሉን ያሳሱታል። ጥግ ሳይቀር፣ ገንዳና እበት ሳይቀር ሁሉንም ቦታ በአንድ መድኃኒት ማጥለቅለቅ የማልመክረው ለዚህ ነው። እበት ውስጥ የዝንብን ሙሽሬ (ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበትን ደረጃ) በስተው እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፤ እነሱም በመርዙ ያልቃሉ። እነሱ ከዝንብ ይልቅ ቀስ ብለው ነው የሚያገግሙት።

አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ ዝንብ እዚህ እንዴት ይህን ያህል ይፈጥናል?

ቅዝቃዜ እውነትም ያዘገየዋል። በቆላ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ዝንብ ከ7 እስከ 10 ቀን ሲበቃ፣ በደጋ አየር ሳምንታት ይፈጃል። ነገር ግን ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል የሚያድገው በአየሩ ውስጥ አይደለም። የተከመረ የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የጠላ አተላ፣ ፈርስ፣ እርጥብ እበት ሲብላላ የራሱን ሙቀት ያወጣል። ክረምት ላይ የቆሻሻ ክምር ሲገለጥ የሚወጣውን እንፋሎት ያየ ሰው ያውቀዋል። ደጁ ቢበርድም ትሉ ቆላ ውስጥ ነው ያለው። አንዲት እንስት በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 150 እንቁላል ትጥላለች፤ ይህንንም በዕድሜዋ ብዙ ጊዜ ትደግመዋለች። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ፣ መስከረም ላይ የሚሆነውን ሁላችንም እናየዋለን፤ የእንቁጣጣሽ እርድ ደግሞ ይጨመርበታል።

ከወባ ትንኝ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሲበዛ ይገናኛል። ትንኟም ያንኑ የነርቭ በር፣ ያንኑ ለውጥ በዚያው ቦታ አላት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ዋና የወባ አስተላላፊ በሆነችው ትንኝ ላይ በብዙ ቦታ ተገኝቷል። እንዲያውም በዓለም ያሉ ተመራማሪዎች «1014» የሚሉት ቁጥር የተቆጠረው በቤት ዝንብ ፕሮቲን ነው፤ ትንኝም ትሁን ቁንጫ ወይም በረሮ፣ ቦታው የሚጠራው በዝንብ ቁጥር ነው። አገራችን ለወባ መከላከያ ቤቶችን በዲዲቲ ለአሥርተ ዓመታት ረጭታለች፤ አዳሚ ቱሉ የሚገኘው ፋብሪካም ያዘጋጀው ነበር። በኋላ ትንኙ ስለተቋቋመው ወደ ሌሎች መድኃኒቶች ተዛወረ። አዲስ አበባ መሀል ወባ ባይኖርም ወደ አዳማ ወይም ወደ አዋሽ የሚሄድ ዘመድ የሌለው ማን ነው? አጎበሩ የተነከረውም በ«ትሪኖቹ» ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ?

አባቶች «ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» ይላሉ። ተረቱ የሚነገረው ለሌላ ነገር ቢሆንም ከሰማሁት የዝንብ ምክር ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ክዳንን የሚቋቋም ዘረመል የለምና።

ቆሻሻውን ይክደኑ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያስወጡ፤ ትሉ አድጎ ሙሽሬ ለመሆን ሞቃት ቦታ ላይ እንኳ ከአራት ቀን እስከ ሳምንት ያስፈልገዋል፣ ቀድመው ካስወጡት ዑደቱ ይቆረጣል። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሚበሰብሰውን ከደረቁ ይለዩና የሚበሰብሰውን በተከደነ ባልዲ ያቆዩ። ባልዲው ሲደፋ ታቹን በፈላ ውኃ ይጠቡ፤ ጥግ ላይ የተጣበቀ እርጥብ ዝቃጭ ለመቶ ትሎች ይበቃል። ቅርጫ ከታረደ ፈርሱና ደሙ በዕለቱ ይውጣ ወይም በጥልቅ ይቀበር። ላም ያለው ሰው እበቱን ክምር አድርጎ አይተወው፤ እንደ ኩበት ሳስቶ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ትሉ በድርቀት ያልቃል። እናቶቻችን ለማገዶ ብለው ያደረጉት ነገር ዝንብንም ይከላከል ነበር።

በርና መስኮት ላይ ወንፊት ሽቦ፣ ሥጋ ቤት ላይ መጋረጃ፣ ጣሪያ ሥር ማጣበቂያ ወረቀት ይጠቅማሉ። የወይራና የከርቤ ጭስ ዝንብ ያባርራል፤ ጭሱ ሲያልቅ ግን ትመለሳለች።

ፍሊትን ጨርሼ ልተወው?

አልልም። ድንገት ሲጥለቀለቅ፣ ድግስ ሲኖር፣ ወይም የተቅማጥ በሽታ በሰፈሩ ሲገባ ፍሊት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ እንዲሠራልን ነው ዛሬ የምንቆጥበው። ሲነፉ በርና መስኮት ዘግተው፣ ምግብና ዕቃ አውጥተው ወይም ሸፍነው፣ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን ይንፉ፤ ቤት ውስጥ ሰው አይኑር። ከዚያ አየር ያስገቡ፣ የወደቁትን ይጥረጉ። በየቀኑ ጠዋት እንደ ሽቶ መርጨት ግን ይቅር። ለበራሪዎቹና ለትሎቹ ያንኑ መድኃኒት መጠቀምም ይቅር፤ በሁለት የዕድሜ ደረጃ አንድ ዓይነት ምርጫ ይሆናል።

እኔ ብጠነቀቅ ጎረቤቴ በየቀኑ የሚነፋ ከሆነስ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። አብዛኛው ዝንብ ከተፈለፈለበት ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ይዞራል፤ ስለዚህ በጎረቤት ፍሊት የተመረጠው ዝንብ የእርስዎም ነው፣ የእርስዎም የእሱ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ቢነሳም ሥጋ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱና የጋራ ግቢው አለ።

የማርማላታው ጠርሙስ ባለቤት እናት ይህን ሲሰሙ ጎረቤቶቻቸውን ቡና ጠርተው ጠርሙሱን አሳዩአቸው። በግቢው ሰባት አባወራ ነበር፤ ሁሉም የሚጥሉት ክዳኑ በተሰበረ አንድ በርሜል ውስጥ ነው፣ በርሜሉም ከሻይ ቤቱ መስኮት አሥር እርምጃ አይርቅም። ገንዘብ አዋጥተው ለበርሜሉ የቆርቆሮ ክዳን ከነማጠፊያው አሠሩለት፣ ቦታውንም ወደ አጥሩ ጥግ አዛወሩት። ረቡዕና ቅዳሜ ተራ ገብተው ያስወጡታል። ከወር በኋላ ሻይ ልጠጣ ስገባ መስኮቱ ላይ አራት ዝንብ ቆጠርኩ፤ የፍሊቱ ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ አቧራ ጀምሮታል።